ብሬከሩ ሲወርድ ፍሪዘሩን ማን ያስበዋል?



ረመዳን በመጣ ቁጥር ወደ እኛ ወደ ኢማሞች የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል። ስለ ኒያ እንጠየቃለን፣ ስለ ፊድያ እንጠየቃለን፣ የጥርስ ሳሙና ጾም ያበላሻል ወይ የሚለውም አይቀርም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አንድ አዲስ ጥያቄ ከነዚህ ጋር ተቀላቅሏል፤ «ሸኻችን፣ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀመጥነውን ሥጋ ቀልጦ አገኘነው፣ መብላት ይፈቀድልናል?» የሚል። ጠያቂዋ ብዙውን ጊዜ እናት ናት። እንዴት ቀለጠ ብለን ስንጠይቅ፣ የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነው የምትለን ትኖራለች። አብዛኞቹ የሚሉን ግን «ብሬከሩ ወርዶ ሳናውቅ አድሮ ነው» ነው።

የፊቅሁ መልስ አጭር ነው። በሸሪዓው መንገድ የታረደ ሥጋ በመቅለጡ ሐራም አይሆንም። ጎጂ መሆኑ ከታወቀ ግን አይበላም፤ ሕይወትን መጠበቅ ከሸሪዓው ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ ነውና። ይህን መልሰን ዝም ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን አንድ ጥያቄ በየዓመቱ የሚመለስ ከሆነ፣ መልስ የሚያስፈልገው ስለ ሥጋው ሳይሆን ስለ ብሬከሩ ነው ብለን እናምናለን። የሚወርደው ብሬከር የቤታችን ጠባቂ ነው፤ አፉን ልንዘጋው አይገባም። ልናደርግ የሚገባን ፍሪዘሩን ከምጣዱና ከምድጃው ጣጣ አውጥተን በራሱ መስመር ላይ ማኖር ነው።

በአዲስ አበባ መግሪብ ዓመቱን ሙሉ የሚገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የጿሚ ቤት ሁሉ፣ ዐስር ተሰግዶ ጥቂት እንደቆየ፣ በአንድ ጊዜ ምድጃውን ይለኩሳል። ሾርባው በአንዱ ዓይን ይንተከተካል፣ ሳምቡሳው በሌላው ይጠበሳል፣ ለአብሽና ለሻይ ውኃ ይፈላል፣ እንጀራ ያለቀባት ደግሞ ምጣዱን ታበራለች። በዚህ መካከል ለዉዱእ ሙቅ ውኃ የፈለገ አንድ ሰው ቦይለሩን ይጫነዋል። ከዚያ ቤቱ ጨለማ ይሆናል።

እስቲ ቁጥሩን እንደምር። በአገራችን የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህ ለ220 ሲካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ ሁለቱም ሲበሩ 2,000 ዋት ቢወስድ 9 አምፔር ነው። የውኃ ማፍያውም 2,000 ዋት ከሆነ ሌላ 9 አምፔር። ቦይለሩን ሳንቆጥር 34 ደረስን። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ዋና ብሬከር ላይ 20 ወይም 25 የሚል ቁጥር ተጽፎ ከሆነ፣ ብሬከሩ ቢወርድ ምን ይገርማል? ፍሪዘሩስ? ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሚወስደው ብዙውን ጊዜ 1 አምፔር አይሞላም። ከሁሉ ትንሹን የሚወስደው እሱ፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው እሱ። ምጣዱ ቢጠፋ እንጀራው ይዘገያል እንጂ ምጣዱ ምንም አይሆንም።

ብሬከሩ ውስጥ ሁለት ጠባቂዎች አሉ። አንደኛው ከሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቆ የተሠራ ስስ ቅጠል ነው፤ ከልክ ያለፈ ኮረንቲ ሲያልፍበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይጎብጣል፣ ጎብጦ ማጥፊያውን ይገፋዋል። ሁሉም ነገር ከተለኮሰ በኋላ ወዲያው ሳይሆን ከጥቂት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ልክ ሙአዚኑ ሊነሳ ሲል የሚወርደው ለዚህ ነው። ወዲያው ልናነሳው ስንሞክር እምቢ የሚለውም ቅጠሉ ስላልበረደ ነው። ሁለተኛው ጠባቂ መግነጢስ ነው፤ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ በቅጽበት ይቆርጣል። እንግዲህ አወራረዱ ራሱ ይናገራል። ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ ጭነት በዝቷል፤ ገና አንድ ዕቃ ሲሰካ «ጣ» ብሎ የሚወርድ ከሆነ ያ ዕቃ ወይም ሽቦው ተበላሽቷል። ሦስተኛም ነገር አለ። የብሬከሩ ብሎን ከላላ ሽቦው ከተያዘበት ቦታ ላይ ይግላል፤ ሙቀቱ ወደ ቅጠሉ ይተላለፍና ጭነቱ ሳይበዛ ይወርዳል። ሣጥኑ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ ወይም የብሬከሩ ፊት ቢጫ ከሆነ ከኢፍጧር በኋላ ተብሎ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ ዋናውን አጥፍቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት ነው።

በአንዳንድ ቤቶች ደግሞ ከዚህ የተለየ፣ ሰፋ ያለና ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው ብሬከር አለ፤ ቁልፉ ላይ «ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ይህኛው ስለ ጭነት አይጨነቅም። የሚጠብቀው በአንዱ ሽቦ የገባው ኮረንቲ በሌላው ሙሉ በሙሉ መመለሱን ነው። ጥቂቱ እንኳ በዕቃው አካል ወይም በሰው ገላ በኩል ወደ መሬት ካመለጠ ይቆርጣል። በቤት ውስጥ የሚገባው አብዛኛው 30 ሚሊ አምፔር የሚል ነው፤ የአንድ አምፔር 3 በመቶ ማለት ነው። እንዲያውም ከዚያ ግማሽ ካለፈ ጀምሮ ሊቆርጥ ይችላል። በረመዳን ያለ ምክንያት ወረደ እየተባለ ከሁሉ በላይ የሚታማው ይህ ነው።

ያለ ምክንያት ግን አይደለም። ያረጀ ምጣድ በሸክላው ቦይ ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ሊጥና ውኃ ይፈስበታል፤ እርጥበቱ ጥቂት ኮረንቲ ያስመልጣል። ቦይለሩ ጥቂት ያስመልጣል። በረዶውን ራሱ የሚያቀልጠው ፍሪዘር ውስጡ ማሞቂያ ስላለ፣ እርጥበት ሲነካው እሱም ጥቂት ያስመልጣል። እያንዳንዱ ብቻውን ሲሆን ብሬከሩ ይታገሣል፤ ሦስቱ አብረው ሲበሩ ልኩ ያልፋል። እናም ጥፋቱ የምጣዱ ሆኖ ሳለ ቅጣቱ ለፍሪዘሩ ይደርሳል፤ ሁሉም በአንድ ጠባቂ ሥር ስለሆኑ።

ጥፋተኛውን ለማግኘት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ነው የሚያስፈልገው። በኢፍጧር ሰዓት ሳይሆን ቀን ላይ፣ በደረቀ እጅ፣ በቤት ውስጥ የተሰኩትን ሁሉ ከሶኬት መንቀል፤ መብራቱንም ማጥፋት። ከዚያ ብሬከሩን ማንሳት። ምንም ሳይሰካ ከወረደ ችግሩ በግድግዳው ሽቦ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ እጃችንን እንሰብስብ፣ ለባለሙያ እንተው። ከቆመ ግን አንድ በአንድ እየሰኩና እያበሩ መሄድ። የወረደበት ዕቃ ተለይቶ ይቀመጥ፣ የቀሩት ደግሞ ሌላ ዙር ይሞከሩ፤ ጥፋቱ የአንድ ሳይሆን የሁለት ድምር ሊሆን ይችላልና። ምጣዱ ከሆነ ሽቦው ይቀየር፤ የሚቀይሩ ሠራተኞች በየገበያው አሉ፤ የሽቦ መቀየሪያ ዋጋ ከአንድ ፍሪዘር ሙሉ ሥጋ ጋር አይነጻጸርም። የመሞከሪያዋንም ቁልፍ በየጥቂት ወሩ አንድ ጊዜ መጫን ይገባል፤ ተጭና ካልቆረጠች ጠባቂው ሞቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለአባቶች አንድ ነገር እንበል። ብሬከር በወረደ ቁጥር «ምን ለኮስሽ?» እያለ ከሳሎን የሚጮህ ጾመኛ አለ። ሳምቡሳውን በሦስት ዓይነት፣ ሾርባውን ትኩስ፣ እንጀራውን የዛሬ ይሁን ያለው እሱ ነው። ምላስም ይጾማል። ተነስቶ ወንበር ላይ ወጥቶ ብሬከሩን ማየት፣ ከዚያም በላይ ደግሞ «ምጣዱን ከዙህር በኋላ ብናበራው ይሻላል» ብሎ ማገዝ ከኢባዳው አይጎድልበትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብሬከር ሲያስቸግር ብዙ ቤቶች የሚወስዱት መፍትሔ ብሬከሩን በሚበልጥ ቁጥር መተካት ነው። 16 የነበረው 32 ይደረግና ሰላም ይወርዳል። ይህ ሰላም የውሸት ነው። ብሬከሩ የተመጠነው ለዕቃችን ሳይሆን በግድግዳው ውስጥ ለተቀበረው ሽቦ ነው። ለመብራት ብዙውን ጊዜ የሚዘረጋው ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለሶኬት 2.5 የሆነ ሽቦ ነው፤ ምጣድ የራሱ 4 ወይም 6 ይፈልጋል። 2.5 ሽቦ ላይ 32 ብሬከር ያስቀመጠ ሰው ብሬከሩን ሳይሆን ሽቦውን ፊውዝ አድርጎታል፤ የሚቀልጠውም በግድግዳው ውስጥ፣ በጣራው እንጨት ሥር ነው። የድሮው ቫልቮላ ባለበት ቤት ደግሞ በቀጭኗ ፊውዝ ፈንታ የሽቦ ቁራጭ የሚጠመጥም አለ። ባለ መሞከሪያውን ጠባቂ «አስቸገረ» ብሎ ሽቦውን በጎኑ የሚያሳልፈው ከሁሉ ይብሳል፤ እሱ የሚጠብቀው ልጆቹን ነውና። ስለ ቆጣሪ መዝለል ብዙ አንናገርም፤ የሰው ሐቅ ነው፣ በተሰረቀ ኮረንቲ ለበሰለ ኢፍጧር ምን ዱዓ እንደሚደረግ እኛ አናውቅም።

«ግድቡ ተመርቆ እንዴት መብራት ይወርዳል?» የሚሉም አሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን ከጉባ የሚመጣው ኃይል ምንም ያህል ቢበዛ በመጨረሻ የሚያልፈው በእኛው ግድግዳ ውስጥ ባለችው ቀጭን ሽቦ ነው። እሷን ማወፈር የእኛ የቤት ሥራ ነው።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጥሎ ነበር። ይህ በተነገራቸው ጊዜ እሳት ጠላት መሆኑን ተናግረው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው ማዘዛቸውን አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በሌላ ሐዲስ ደግሞ ማታ ዕቃ እንዲከደን፣ መብራት እንዲጠፋ የታዘዘበት ምክንያት ተነግሯል፤ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል ትችላለች። በዐረብኛው አይጧ የተጠራችበት ቃል «ፉወይሲቃ» ነው፤ ትንሿ አመፀኛ እንደማለት። ዛሬ ኩራዝ የለንም። ፉወይሲቃዋ ግን አለች፤ ከፍሪዘሩ ኋላ፣ ከሞተሩ አጠገብ ሞቅ ያለ ቦታ አግኝታለች፣ ገመዱን ትቆረጥማለች። ረመዳን ሳይገባ ፍሪዘሩን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ ኋላውን ያየ ቤት ስንት ይሆን? አቧራውን ለመጥረግም፣ ገመዱን ለማየትም፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል እንዲርቅ ለማድረግም ያው አንድ ሥራ ነው። አየር ያላገኘ ሞተር ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሌት ተቀን የሚሠራ ሞተር ደግሞ ይግላል፣ ያረጃል፣ ኮረንቲ ማስመለጥ ይጀምራል።

ብሬከሩ ወረደ እንበል፤ አሁን ምን እናድርግ? መጀመሪያ የሚደረገው ብሬከሩን ማንሳት አይደለም። መጀመሪያ ምጣዱ፣ ምድጃውና ማፍያው ይጥፉ፤ ፍሪዘሩም ከሶኬት ይነቀል። ከዚያ ብሬከሩ ይነሳ። ፍሪዘሩ ግን 5 ደቂቃ ይቆይ። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፍሪዘር በድንገት ሲጠፋ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ጋዝ በአንድ ወገን ታጭቆ ይቀራል፤ ግፊቱ እስኪመጣጠን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይፈልጋል። ሳይመጣጠን ከተነሳ ሞተሩ ለመዞር ይታገላል፣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኮረንቲ ይስባል፣ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ተደጋግሞ ከሆነ ይቃጠላል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ብሬከሩን ሦስት ጊዜ የሚያነሳና የሚያወርድ ሰው ኢፍጧሩን ያድን እንደሆነ እንጂ ፍሪዘሩን እየገደለ ነው። የሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ በተለይ መጥቶ፣ ሄዶ፣ እንደገና ሲመጣ።

ይህን በራሱ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ጠብቆ የሚለቅ፣ ቮልቴጁ ሲወርድ ወይም ሲወጣ የሚቆርጥ መከላከያ ማለታችን ነው። ስታቢላይዘር ከሆነ ደግሞ መዘግየት ያለው መሆኑን ጠይቆ መግዛት፣ ለቤት ፍሪዘርም ከ1,000 ቮልት አምፔር እንዳያንስ ማድረግ ይገባል፤ ፍሪዘሩ ሲሠራ የሚወስደው ትንሽ ቢሆንም ሲነሳ የሚወስደው ብዙ ነውና። በኢፍጧር ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ሲያበስል አምፖሉ የሚደበዝዝበት ቤት ይህ የግድ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ነጋዴ ግን «ይህን ከገዛህ ብሬከርህ አይወርድም» ይላል። አይደለም። ስታቢላይዘር የበዛ ጭነትን አይቀንስም።

ከሁሉ የሚሻለው፣ ቀደም ብለን እንዳልነው፣ ለፍሪዘሩ ከሣጥኑ ጀምሮ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ሶኬት ማድረግ ነው። ጠባቂውን ማንሳት አላልንም፤ ለብቻው የሆነ ጠባቂ ነው ያልነው። ያኔ ምጣዱ ቢያጠፋ ምጣዱ ብቻ ይቀጣል። አንድ ባለሙያ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። አቅም እስኪገኝ ግን ቢያንስ ፍሪዘሩ ከምድጃና ከማፍያ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካ። በየቤቱ ስንገባ የምናየው ይህንን ነው፤ አንድ ነጭ ማከፋፈያ፣ ከእሱ ላይ ፍሪዘር፣ ማፍያ፣ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር።

ሌላው የመሰኪያው ነገር ነው። ከዱባይ፣ ከኩዌት፣ ከሳዑዲ የመጡ ፍሪዘሮች ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መሰኪያ አላቸው፤ ከእኛ ክብ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም። ልጆቻችን ስንት ዓመት ለፍተው የላኩትን ዕቃ በርካሽ አዳፕተር እንሰካዋለን፤ ብዙዎቹ አዳፕተሮች ደግሞ የመሬት ሽቦውን መንገድ አያስተላልፉም። የመሬት ሽቦ የሌለው ፍሪዘር ውስጡ ኮረንቲ ቢያመልጥ አካሉ ላይ ይቀመጥና እርጥብ እጅ ይጠብቃል። ፍሪዘሩን ስንነካ «ቅንጥጥ» የሚያደርግ ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ ወዲያው ይነቀል። መሰኪያውን ባለ መሬት በሆነ የአገራችን ዓይነት ማስቀየር ትንሽ ወጪ ነው፤ ሶኬቱ ራሱ የመሬት ሽቦ ያለው መሆኑ ግን አብሮ መታየት አለበት። ከሳዑዲ ለመጣ ዕቃ ሌላ ማሳሰቢያ አለን። የሳዑዲ ኮረንቲ 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። በፍሪዘሩ ኋላ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ፤ 50/60 ካለ አያሳስብም፣ 60 ብቻ ካለ ግን ሞተሩ እዚህ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ልጅቱ ዕቃ ከመላኳ በፊት በስልክ ይህንን መንገር መልካም ነው።

ወደ እናቶች ጥያቄ እንመለስ። ቀለጠ የሚባለው መቼ ነው? ፍሪዘር ዜሮ ታች 18 ዲግሪ ላይ ከቆየና ሙሉ ከሆነ፣ በሩ ካልተከፈተ፣ ኮረንቲ ቢጠፋ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል። የፍሪጁ ክፍል ግን ከ4 ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ ብሬከር ወርዶ ካደረ የመጀመሪያው ትእዛዝ «አትክፈቱት» ነው፤ ሁላችንም ግን መጀመሪያ የምናደርገው ከፍቶ ማየት ነው። ፍሪዘሩ ግማሽ ባዶ ከሆነ ባዶውን ቦታ ውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ቅዝቃዜውን ያቆየዋል፤ ጠርሙሱ ግን እስከ አፉ አይሞላ፣ ውኃ ሲረጋ ያብጣልና። በፍሪዘሩ ሶኬት አጠገብ፣ በዚያው መስመር ላይ፣ ትንሽ አመልካች አምፖል ማድረግም ይጠቅማል፤ ለተራዊሕ ስንወጣና ለሱሑር ስንነሳ በጨረፍታ እናያታለን።

አንዲት ቀላል ዘዴ አለች። አንድ ኩባያ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ ይረጋ፤ ከበረዶው በላይ አንድ ብር ሳንቲም ይቀመጥ። ለዒድ ገጠር ሄደን ስንመለስ ሳንቲሙ ከላይ ካለ ነገሩ ደኅና ነው። ወደ ታች ሰምጦ በረዶ ከሆነበት፣ እኛ ሳንኖር ሁሉም ቀልጦ ተመልሶ ረግቷል ማለት ነው፤ ሥጋው ድንጋይ ቢመስል እንኳ አትመኑት።

ሥጋው አሁንም ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ካለው ወይም ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ነገር የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ ማለትም ከ4 ዲግሪ ካልበለጠ፣ መልሶ ማርጋትም ሆነ ማብሰል ይቻላል። ለስለስ ብሎ ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት የቆየ ግን ይጣል። ማሽተት አይበቃም፤ የሚያሳምመው ነገር ሁልጊዜ አይሸትም። የሳምቡሳው ሙሊትም ሥጋ ስለሆነ ሕጉ አንድ ነው። ሥጋው መለስለስ ሲጀምር፣ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ሁሉንም በዚያው ቀን አብስሎ ለጎረቤት ማካፈል የሚባል ሌላ መንገድም አለ። ጾመኛን ያስፈጠረ የጾመኛውን ያህል አጅር እንዳለው ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። የዚህን ያህል ሥጋ በአንድ ጊዜ ማከማቸት ለምን አስፈለገን የሚለውንም እግረ መንገዳችንን እንጠይቅ። ዑለማእ ኢስራፍንና ተብዚርን ይለያሉ፤ ኢስራፍ በተፈቀደው ነገር ልክ ማለፍ ነው፣ ተብዚር ደግሞ ገንዘብን በማይገባው ማፍሰስ። ለሠላሳ ቀን ሳምቡሳ ጠቅልሎ፣ በማያስተማምን ሽቦ ላይ በተሰካ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ እንተወዋለን። የአንድ ሳምንት በቂ ነው ባይ ነን።

ይህ ሁሉ የተነገረው የራሱ ቆጣሪ ላለው ነው። በአንድ ግቢ አራትና አምስት ቤት በአንድ ቆጣሪ የሚኖር ሕዝባችን ግን ብዙ ነው። እዚያ ብሬከር ሲወርድ ጠብ ይነሳል፤ «የነ እገሌ ምጣድ ነው» ይባላል፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሳይቀር በጾሙ ሰሞን ይኳረፋል፤ አንዳንድ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ይገጣጠማሉ፣ ሁለቱም ቤት ምድጃ ላይ ነው። አከራዮች እዚህ ላይ ሐቅ አለባችሁ። የተከራይን ኪራይ እየተቀበሉ፣ ከአሥር ዓመት በፊት ለአንድ ቤተሰብ የተዘረጋ ሽቦ ላይ አምስት ቤተሰብ ማንጠልጠል አማና አይደለም። ለየቤቱ መስመር መለየት፣ ጭነቱ የማይበቃ ከሆነም በሕጋዊ መንገድ አቅም እንዲጨመር ማመልከት የባለቤቱ ድርሻ ነው። ተከራዩም «ቤቱ የእኔ አይደለም» ብሎ በሌሊት ሽቦ አይቀጥል።

ለመስጂድ ኮሚቴዎችም አንድ ቃል አለን። የጋራ ኢፍጧር የሚዘጋጅበት ማብሰያ ቤት ብዙ ቦታ ለጊዜው ተብሎ በተዘረጋ ገመድ ነው የሚሠራው፤ ያ ጊዜያዊ ገመድ ስንት ረመዳን አለፈው? በጀማዓችን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙያ ያላቸው ወጣቶች አሉ። ከመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች በፊት አንድ ቅዳሜ ጠርተናቸው የመስጂዱን ሣጥን ይክፈቱልን፣ የላላውን ብሎን ያጥብቁ፣ ከዚያም አቅም የሌላቸውን አሮጊቶች ቤት ይዙሩ። ድካማቸው ሳይከፈል አይቅር፤ አቅም ያለው ነጋዴ የሁለት ቤት ሽቦና ብሬከር ቢችል ሰደቃው ብርሃን ነው። ቀሪው የጊዜ ስምምነት ነው። በአንድ ቆጣሪ ያሉ ጎረቤቶች ዛሬ ማታ ከተራዊሕ መልስ ቁጭ ብለው፣ ማን በየትኛው ቀን እንጀራ እንደሚጋግር ይነጋገሩ። የጋገራ ቀን የደረሰው ቤት ምጣዱን ከ10 ሰዓት በፊት ያጥፋ። 11 ሰዓት ለሾርባው ይሁን።